ስልኬን ያላነሳሁበት ማክሰኞ

ሰው ለራሱ ብሎ የሚመርጠው፣ በራሱ ስልክ የሚያስገባው፣ ራሱ ግን አንድም ቀን የማይሰማው ነገር ምንድን ነው? ብዙ አትጨነቁ፤ የጥሪ ማሳመሪያ ነው። ዘፈኑን የሚሰማው ደዋዩ ነው። ለባለ ስልኩ የሚደርሰው ያው የተለመደው ጩኸት ሲሆን «ሄሎ» ብሎ ባነሳ ቁጥር ዘፈኑ እዚያው ይቆረጣል። እስቲ አስቡት! ዘፋኙ ገና ጉሮሮውን ጠርጎ ሊጀምር ሲል «ሄሎ!» ብለን አፉን የምንዘጋ ሰዎች ነን። ምርጫችንስ ቢሆን? የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ስልክ ላይ «ከእንግዲህ ወዲያ ወደ አንቺ አልመለስም» እያለ የሚምል ዘፈን አለ፤ ሚስቱ በቀን አምስት ጊዜ ትደውልለታለች።

«ታዲያ አንተን ምን አገባህ?» ልትሉኝ ነው፤ አውቃለሁ። ሰው ሊናገር ያሰበውን ቀድሞ ማወቅ ተሰጥኦዬ ነው። ተሰጥኦ የምለው እኔ ነኝ እንጂ ባለቤቴ አስካለ ሌላ ስም ትሰጠዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እሷ ትጀምራለች፣ እኔ እጨርስላታለሁ። በእውነት እያገዝኳት ነበር የሚመስለኝ። ሰው ከባድ ዕቃ ይዞ ደረጃ ሲወጣ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?

እሷ ግን ዕቃውን ለብቻዋ ተሸክማ መውጣት ፈልጋ ኖሯል። ይህን ያወቅኩት በአንድ እሑድ ነው።

አስካለ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። የዚያን ዕለት ታላቅ እህቷን እትዬ ብርቄን ከነቤተሰቧ ላንቻ ወዳለው ቤታችን ምሳ ጠራች። ምሳው እንዳለቀ ነጠላዋን አስተካክላ ተነስታ ቆመች። የጠራኋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም ብላ ጀመረች። «ሐሙስ ዕለት ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ። እኔ ደግሞ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ እየተንቀጠቀጥኩ ስገባ…»

እኔ ግን ሐሙስ ማታውኑ ስለነገረችኝ አላስቻለኝም። «ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነች!» ብዬ ጮህኩ። ማጨብጨብም የጀመርኩት እኔው ነኝ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እትዬ ብርቄ ዘላ ጥምጥም አለችብኝ፤ እኔ ላይ! አስካለ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ሦስት ቀን ሙሉ ለዚያች ደቂቃ ስታሰማምረው የከረመችውን ወሬ በአራት ቃል ገደልኩባት። እንግዶቹ ሲወጡ እሷም ትንሽ ቦርሳ ይዛ አብራ ወጣች። መስቀል ፍላወር እህቴ ጋ ነኝ አለችኝ። «እስከ መቼ…» ልል ስል በሩ ተዘጋ።

ብደውል አታነሳም። ብደጋግም አታነሳም። ሰኞ ካዛንቺስ ቢሮዬ ገብቼ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ባዶ መሰለኝ። በቃ ፈራሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ? ያለ አስካለ እኔ ምንም አይደለሁም። ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት፤ ውሃ የሚመጣበትን ቀን እንኳ የምታስታውሰው እሷ ናት። ከዚያ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ስደውል ባታነሳም አንድ ቀን ራሷ መደወሏ አይቀርም። ስትደውል ደግሞ ሰርጋችን ላይ የጨፈርንበትን ዘፈን ብትሰማስ? ትራምፔቱ ጣሪያ የሚያነሳውን፣ ከበሮው ሽማግሌ የሚያስነሳውን! ለሰርጋችን የመረጥኩትም እኔ ነበርኩ። አስካለም አንድ ሌላ ዘፈን ልትጠቅስ ጀምራ ነበር መሰለኝ።

ሳሮንን ጠራኋት። ሳሮን የቢሮአችን የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ስልክ ስንገዛም፣ ስልክ ሲጠፋብንም የምንሮጠው ወደ እሷ ነው። የዘፈኑን ስም ነግሬ የጥሪ ማሳመሪያ አድርጊልኝ አልኳት። ፈልጋ አገኘችውና «ጋሼ፣ ይሄ ዘፈን እኮ ሁለት…» ስትል «አዎ አዎ፣ እሱ ነው፣ ቶሎ አስገቢልኝ» አልኳት። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ካሉ እሺ» አለችና አስገባችው።

መቼም እዚህ ላይ አቋሜን ግልጽ ማድረግ አለብኝ። የድሮ ዘፈን አንስተው እንደገና የሚዘፍኑ ልጆችን አልወድም፤ ማለቴ አልወድም ነበር። የሰው ኮት ለብሶ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ነበር የማያቸው። እጅጌው ይረዝማል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ ባለቤቱ ሲያልፍ ያሳፍራል። ይህንን በየሻይ ቤቱ ስናገር ተቃውሞ ያቀረበ ሰው አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ተቃውሞውን እስኪጨርስ አልጠበቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ መጥራት ጀመረ፤ ጉዱም ያኔ መጣ። መጀመሪያ የደወለው የመምሪያ ኃላፊያችን ነው። ሳነሳው ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ ቤት ሰላም መሆኑን ጠየቀኝ። የዛሬውን ሪፖርት ሐሙስ ብታደርሰው ይበቃል አለኝ። ይህ ሰው የእናቱ ለቅሶ ላይ ሆኖ ሪፖርት የጠየቀ ሰው ነው! ቀጥሎ መኪናዬን የያዘው መካኒኩ ከድር ደወለ። «ወንድሜ፣ ጥፋቴ ነው በላት በቃ፣ ምን ይጎድልብሃል?» አለኝ። የደወለው ስለ መኪናዬ ፍሪሲዮን ነበር።

ወይ ጉድ! በትራምፔት የሚያስጨፍር የሰርግ ዘፈን አስገብቼ ከተማው ሁሉ የሚያጽናናኝ ለምንድን ነው? የሳሮንን ስልክ ተቀብዬ የራሴን ቁጥር ደወልኩ። የራሴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ከልማዴ የተነሳ ላነሳው እጄን ስዘረጋ ሳሮን ቀድማ ነጠቀችኝ።

ትራምፔት የለም። ከበሮ የለም። አንድ ክራርና አንዲት ልጅ ብቻ። ዜማው ያው የኛው ነው፤ ግን ድሮ ሲሮጥ የነበረው አሁን ቀስ ብሎ በእግሩ ይሄዳል። ልጅቷ አትጮህም፤ ጎንህ ተቀምጣ የምታወራ ነው የሚመስለው። ሠላሳ ሰከንድ ያህል እንደሄደች እንዲህ አለች፦

«ገና ስትጀምሪ ወሬሽን ቀማሁት፣
የልብሽን ነገር ሳልሰማው አጣሁት።»

ጆሮዬ ጋለ። ይሄንን ከየት አመጣችው? ከራሷ ጨምራ ነው ብዬ ሳሮን ላይ ጮህኩባት። ሳሮን የድሮውን ከፈተችልኝ። አለ! ያ ግጥም ቃል በቃል አለ፤ ከትራምፔቱ ሥር ተቀብሮ አለ። እኛ ሰርጋችን ላይ ትከሻችን እስኪወልቅ የጨፈርነው አንድ ምስኪን ሰው ሚስቱን ይቅር በይኝ እያለ ሲለምን ነበር! ሃያ ሁለት ዓመት የኔ ነው ስለው የኖርኩትን ዘፈን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ያቺ ልጅ የሰው ኮት ለበሰች አላልኩም? ለብሳው ኪሱ ውስጥ እጇን ስትከት ባለቤቱ ጽፎ ሳይልከው የቀረ ደብዳቤ አገኘች።

ሳሮን ቅድም ልነግርዎት የነበረው ይሄንኑ ነው አለችኝ፤ ሁለት ዓይነት አለው፣ የትኛውን ላስገባ ልል ነበር አለች። ከዚያ ልቀይረው ወይ ስትል ጠየቀችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዋ እስኪያልቅ ጠበቅኳት። እንዳትነኪው አልኳት። ከዚያም አምስት ጊዜ ለራሴ ደወልኩ። ዕድሜ ለሳሮን፣ ስልኳን አልከለከለችኝም።

አሁን ችግሩ ገባችሁ አይደል? ግጥሙ የሚመጣው ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ነው። አስካለ ደውላ እኔ ቶሎ ካነሳሁ ይቅርታዬን ራሴው አቋረጥኩት ማለት ነው። ካላነሳሁ ደግሞ «ይባስ ብሎ ናቀኝ» ትላለች። እንዲህ ያለ ፈተና የሚገጥመው ሰው በዚህ ከተማ ከኔ ሌላ ይኖራል?

ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ጥቂት እርምጃ ርቄ ላንቻ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «አስኩ» ይላል። አውራ ጣቴ ሳላዘው ሄዶ አረንጓዴው ላይ ሊያርፍ ሲል በሌላው እጄ ያዝኩት። ከኋላዬ ያለች ሴትዮ ስልክዎ እኮ ነው አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። አያነሱትም ወይ አለች። ሚስቴ ናት ስላት ሰልፉ ሁሉ ዞሮ በክፉ ዓይን አየኝ። አሥር ሰከንድ። ሃያ። ሠላሳ። እሰይ፣ ስልኩ አሁንም እየጮኸ ነው! ከዚያ ቆመ።

ወዲያው ደግማ ደወለች። አሁንም ጥርሴን ነክሼ ተውኩት። በሦስተኛው ግን አልቻልኩም፤ «ሄሎ፣ አስኩ!» አልኩ።

«ምን አስነሳህ?» አለችኝ። «ገና እየሰማሁት ነው እኮ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ከዚያ ደግማ ደወለች። እንዳላነሳ! ለሴትዮዋ፣ ለሰልፉ፣ ለረዳቱ ሁሉ እየሰማችው ነው፣ እየሰማችው ነው እያልኩ ስዘል ታክሲው ጥሎኝ ሄደ። ቀጣዩም ሄደ። ምን አለፋችሁ፣ እኔና ሚስቴ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጠዋት ተነጋግረን አናውቅም።

ከሥራ ስመለስ አስካለ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ አጠገቧ ነው። ያን ዘፈን ታንጎራጉራለች፣ የልጅቷን፣ ቀስ ያለውን። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እኔ እኮ ጠዋት የደወልኩልህ…» ብላ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ መጨረሻውን አውቀዋለሁ! «ስለናፈቅከኝ ነው» ልትል ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሬን ነከስኩ። የወንበሩን ክንድ ጨበጥኩ። ያቺን ልጅና ክራሯን አሰብኩና ዝም አልኩ። አስካለ እንደ ልማዷ እስክነጥቃት ቆም ብላ ጠበቀችኝ። እንደማልነጥቃት ስታይ ዓይኗ ፈገግ አለ። ተመቻችታ ተቀመጠችና ያለ ማንም እርዳታ ዓረፍተ ነገሯን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ጨረሰችው።

«…ዛሬ የውሃ ቀን ስለሆነ ተመልሰህ በርሜሉን ሙላ ልልህ ነበር።»