ዋስ የጠራው ቴሌቪዥን

አስተያየት የዕድገት እርሾ መሆኑን ከትምህርት ቤታችን በላይ የተረዳ ተቋም ከመንዝ እስከ ግሼ አይገኝም። ርዕሰ መምህራችን አቶ አባይነህ አስተያየት ከመውደዳቸው የተነሣ ራሳቸው ይሰጡታል፤ ራሳቸው ይቀበሉታል፤ ራሳቸውን ያመሰግኑበታል።

በዚያ ዓመት "የመማር ማስተማር ሂደቱን በኅብረተሰቡ አስተያየት ማሻሻል" የሚል መመሪያ ከላይ ወረደ። ወላጆች ሊገመግሙ፣ የተገመገመውም ግለ ሂስ ሊያወርድ፣ በአሥረኛ ክፍል ተሰበሰብን።

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ አዛለች ናቸው። ልጃቸው ሲና ብሔራዊ ፈተና ደርሶባታል፤ ሒሳብ ግን ጨለማ ሆኖባታል።

"የሚያስተምራቸው እዚያ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው አሉ" አሉ፣ ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን እያሳዩ። "ይጠይቃል፤ ልጆቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ 'ቬሪ ጉድ!' ብሎ ይሄዳል። መምህር ምስክር አጥፍቶት ቢያስረዳልንስ?"

መምህር ምስክር የሒሳብ ዲግሪ አለው። ሥራው ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚመጣውን ትምህርት መክፈትና መዝጋት ነው። ኃላፊነቱ ከባድ ስለሆነ ቁልፉን ከአንገቱ አያወልቅም።

"ግሩም አስተያየት!" አሉ አቶ አባይነህ። "ነገር ግን ተገምጋሚው በሌለበት ከተናገርን ሐሜት ይሆናል።"

"እውነት ነው" አሉ የወላጆች ሰብሳቢ ቄስ ወልደ ጻድቅ። "በኛም አገር ሰው በሌለበት አይፈረድበትም። ይጠራ።"

ተጠራ። ምስክር ቁልፉን አዞረ፤ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል ብሎት ተነሣ፤ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ብቅ አለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

"እንደምን ዋሉ፣ መምህር?"

ሰውዬው በእንግሊዝኛ ስለ ሦስት ማዕዘን ቀጠለ።

"ሰላምታም አይመልስም?" አሉ ቄሱ።

"የክፍለ ጊዜ ጫና አለበት፣ አባ" አሉ አቶ አባይነህ።

"ይሁን። እንግዲያው ነገሩ ሳያልቅ እንዳይጠፋብን ዋስ ይጥራ።"

ማንም አልሳቀም። እኛ ዘንድ በአንዲት በግ የሚሟገት ሰው እንኳ ዋስ ሳይጠራ ከሸንጎ አይነሣም። ሰውዬው አንድ ነገር ጠየቀ፤ ለማስነጠስ የማይበቃ ጊዜ ጠበቀ፤ "ቬሪ ጉድ!" አለ።

ሸንጎው እሺ ማለቱ ነው ብሎ በምስክር አንገት ላይ ያለውን ቁልፍ ተመለከተ።

"እኔ?" አለ ምስክር።

"ታዲያ ካንተ ሌላ እዚህ አገር ማንን ያውቃል፣ ልጄ?" አሉ ቄሱ።

ምስክር ዋስ ሆነ። ወዲያው ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰና ተከሳሹ ድርግም አለ።

"ኮበለለ!" አሉ ወይዘሮ አዛለች።

"ዋሱ ይጠየቃላ!" አሉ ቄሱ።

ስለዚህ መምህር ምስክር በኮብላዩ ፋንታ ቆሞ ግለ ሂስ አወረደ። "እፈጥናለሁ። ጠይቄ መልስ አልጠብቅም። ወደፊት ቀስ እላለሁ፤ እስኪገባቸውም እደግማለሁ።"

"ፕላዝማው ሂሱን ዋጠ!" ብለው አቶ አባይነህ አጨበጨቡ።

ወይዘሮ አዛለች ግን አልተቀመጡም። "የጠፋ ሰው የገባውን ቃል ማነው የሚፈጽመው?"

"ዋሱ ነዋ!" አሉ ቄሱ። "ከነገ ጀምሮ ይፈጽም። የኔታ እንኳ ተማሪው መልሶ እስኪላቸው ወደሚቀጥለው አይሻገሩም።"

በማግስቱ ምስክር ሳጥኑን ቆልፎ ጠመኔ አነሣ። ሲና ማታ ማታ ሦስት ማዕዘኑን በምድጃው አመድ ላይ እየሣለች ለእናቷ ታስረዳ ጀመር። እናቷም ገባቸው።

አቶ አባይነህ ይህን ለውጥ ከስብሰባው ቃለ ጉባኤ ጋር ለበላይ አካል ሪፖርት አደረጉ፦ ፕላዝማው የኅብረተሰቡን አስተያየት ተቀብሎ ተሻሽሏል። ፈተናው ሲቃረብ ምላሹ መጣ። ፕላዝማው ሞዴል መምህር ተባለ። መምህር ምስክር ደግሞ በገዛ አንደበቱ ባመነው ጥፋት፣ ይኸውም በመፍጠንና መልስ ባለመጠበቅ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ቁልፉን እንዲያስረክብና ከክፍል እንዲወጣ ተወሰነ።

የሽልማቱ ዕለት ለተሸላሚው የመንዝ በርኖስ ተገዛለት። ትከሻ ስለሌለው በብረት ሳጥኑ ላይ ደረቡለት። ቁልፉን ከምስክር አንገት አውልቀው አቶ አባይነህ በራሳቸው አንገት ላይ አጠለቁት፤ አስተያየት የማይሰሙ ርዕሳነ መምህራንንም ክፉኛ የሚነቅፍ ንግግር አደረጉ። በመጨረሻ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"አስተያየት ያለው?"

ወይዘሮ አዛለች እጃቸውን አወጡ። ከኋላቸው ሲና አወጣች፤ ክፍሉ በሙሉ አወጣ።

አቶ አባይነህ ለማስነጠስ የማይበቃ ጊዜ ጠበቁ።

"ቬሪ ጉድ!" አሉ።