ክቡር ካቻቢቴ እና የአክስቴ ሬዲዮ

«ብጠራሽ፣ ብጠራሽ፣ በማዶ በማዶ…» እያሉ የአክስቴ ባል ያንጎራጉሩና ቀጣዩን ስንኝ «እም፣ እም» ብለው ያልፉታል። ይህ ከተሰማ ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ እየተፈታ ነው ማለት ነው።

የሰው ልጅ ሁለት ወገን ነው፤ ዕቃ ሲበላሽበት ወደ ሠፈሩ ሠሪ የሚሄድና ካቻቢቴ የሚያነሳ። የአክስቴ ባል ከሁለተኛው ወገን ናቸው። እኛ ዘመዶቻቸው ክቡር ካቻቢቴ እንላቸዋለን።

ክቡርነታቸው ያልፈቱት የለም። ካውያው በእጃቸው ካለፈ ወዲህ የሚያቃጥለው እጀታው ነው። ቬንቲሌተሩ ሰውን ትቶ ግድግዳውን ያቀዘቅዛል። ሥራ ባለቀ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ብሎን ይቀራል፤ «ትርፍ ነው» ይላሉ፣ «ፋብሪካው ለክፉ ቀን ብሎ የጨመረው።» ምሳቸውን እንኳ የሚበሉት ቆመው ነው፤ በአንድ እጅ ዳቦ፣ በአንድ እጅ ካቻቢቴ።

በዚህ ሁሉ ስንስቅ ኖርን፤ የአክስቴን ሬዲዮ እስኪከፍቱ። አክስቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ዓለም ወደ እሷ የሚገባው በዚያች ትንሽ ሳጥን በኩል ነው፤ ዝናቡም፣ ኳሱም፣ የድሮ ፍቅርም። እርግጥ ሬዲዮው ትንሽ ያስለው ነበር።

«ተወው፣ ከነጉንፋኑ እወደዋለሁ» አለቻቸው።

«አንድ ደቂቃ ናት» አሉ።

ሳሉ ለቀቀው። ድምፁም አብሮ ሄደ። አክስቴ አልተቆጣችም፤ እጇን ዝም ባለው ሬዲዮ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ጠዋት በሻሽ ጠቅልለን መንገድ ዳር ወዳለችው ሬዲዮ ሠሪ ወሰድነው። ክዳኑን አንስታ ብዙ አየችው።

«ማነው የነካካው?»

«ልጆች ናቸው» አሉ ክቡርነታቸው። የቤተሰቡ ትንሹ ልጅ እኔ ነኝ፤ ጢሜ ሸብቷል።

«እንግዲያው ጋሼ፣ የልጆቹን እጅ ይያዙልኝ» አለች ሳትስቅ። «ይድናል። ግን ይቆያል።»

በማግስቱ «የታመመ ለሐኪም፣ የተበላሸ ለሠሪ» የሚል ምክሬን አሰናድቼ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ድምፅ ሰማሁ።

«አሁን የሠፈር ዜና እናሰማለን» ይላሉ መስኮቱ ጋ ቆመው። «ጎረቤታችን አጥሯን ሰማያዊ እያስቀባች ነው፤ ቀቢው ግን ከአጥሩ ይልቅ ሱሪውን ቀብቷል። ከወደ ተራራው ደመና ከብዷል፤ ልብስ ያሰጣችሁ አስቡበት።»

አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላ ታዳምጣለች። ምክሬን ዋጥኩት።

ሬዲዮው ድኖ ሲመጣ ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ነበር። አክስቴ ጥቂት ሰማችና ዘጋችው።

«ምነው፣ አልጠራም?» አሉ፤ እጃቸው ካቻቢቴው ወዳለበት ኪስ እየሄደ።

ሳታይ አወቀችው። «ጠርቷል፤ እጅህን መልስ። የሠራችው ልጅ እጇ ይባረክ። ሬዲዮው ግን ስለ አጥሩ ምንም አያውቅም።» ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ይሄ የእኔ ጣቢያ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሾርባውን አሙቅለትና አቅርብለት።»

ክቡርነታቸው ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉና ቁጭ ብለው በሉ።