የሜጋን እባብና የአማቴ ቅርጫት

ሐበሻ እባብ የሚወደው በሥዕል ብቻ ነው... ያውም ከፈረስ እግር ሥር ተጋድሞ፣ ጦር ተሰክቶበት! እናንተ እንኳ ባትሆኑ፣ እኔ እንደዚያ ነኝ።

እዚህ በሰው አገር፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ካለው አፓርታማችን በታች ባለው ፎቅ ሜጋን የምትባል ወጣት ትኖራለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችንን አንኳኳች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይቅርታ፣ እባቤ ኦስካር ጠፋብኝ። መርዝ የለውም። ካያችሁት እባካችሁ አትምቱት፣ ጥሩኝ» ብላ ፎቶውን አሳየችኝ። በየበሩ እየዞረች ነው የምትናገረው።

ሊጠይቁን የመጡት አማቴ እትዬ ዘነበች ከሶፋው ላይ «ምን አለች?» አሉኝ።

እንዳይደነግጡ ብዬ «ድመት ጠፍቶባት ነው» አልኳቸው።

ሻወር ገባሁ። ጨርሼ ፎጣ ሳገለድም፣ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ብርቱካንማ ገመድ ተጠምጥሟል። ገመዱ አንገቱን ቀና አደረገ!

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፓርኪንግ ላይ እየጮህኩ መቆሜን ነው። በባዶ እግሬ... በረዶ ላይ! መኪናዬ እንዳልገባ ቁልፉ ሱሪዬ ውስጥ ነው፤ ሱሪዬ እባቡ ዘንድ! አማቴንም እዚያው ጥዬ መውጣቴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ጩኸቴን የሰማችው ሜጋን ቀድማኝ ወደ ላይ ሮጠች። ስንገባ እትዬ ዘነበች የልብስ ቅርጫቱን እባቡ ላይ ደፍተው፣ በላዩ ተቀምጠውበታል።

«ድመቱ ይሄ ነው?» አሉኝ።

ሜጋን ቅርጫቱን አነሳች። ኦስካር ክንዷ ላይ ሲጠመጠም እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የሚያድርበትን ሳጥን ክዳን ሳልቆልፍ አድሬ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። በዚያው ቀን አዲስ ቁልፍ ገጥማ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች። እትዬ ዘነበችም ወርደው አዩና «ምስኪን፣ በርዶት ኖሯል ሙቀት ፍለጋ የወጣው» አሉ።

እሱ ይብረደው፤ የኔ ንዴት ግን መች በረደ! ሰኞ ወደ አፓርታማው ኦፊስ ሄጄ ኮምፕሌን አደረግኩ።

«እባቡ ፈቃድ አለው» አለችኝ ማናጀሯ። «ማምለጡንም ራሷ ወዲያው ደውላ ነግራናለች። በእሱ ላይ ካንተ በቀር ቅሬታ ያቀረበ የለም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ቅዳሜ ዕለት በፎጣ ብቻ ሆኖ ፓርኪንጉን ሲያምስ የነበረ ሰውዬ አለ። ስልካችን ሲጮህ ነው የዋለው፤ ልጆቹ በጣም ፈርተዋል። ታውቀዋለህ?»

«ከሌላ ሰፈር የመጣ ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።