አማቴ ሳትፈቅድ መውጣት የለም

ከባሕር በታች የሚያስፈራው ሻርክ አይደለም፤ ሥርዓት አክባሪ ጠላቂ ነው። ሻርክ አይቶህ ያልፋል። ቶፎ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ቱሪስት ይዘን የምንጠልቅ የሁላችንም አለቃ፣ ክቡር ሴኞር ዜፋኒያስ ግን አያልፉህም።

እጃቸው ላይ የሚያስሯትን የጠላቂ ኮምፒውተር «አማቴ» ይሏታል። የት ድረስ እንደወረድክና ስንት እንደቆየህ ትቆጥራለች፤ ካጠፋህም ትጮኽብሃለች። «ቁም» ካለች፣ ምድር ላይ ቤታቸው ቢቃጠልም ንቅንቅ የለም።

ለምን ብለህ ከጠየቅህ፣ የፋንታ ጠርሙስ ንጠው አፍንጫህ ሥር ይከፍቱታል።

«ይኸው ደምህ! ተጣድፈህ ስትወጣ እንዲህ አረፋ ይሆናል!»

ሸሚዛቸው ብርቱካናማ ያልሆነበትን ቀን አላስታውስም። በጠለቁበት ዕለት አውሮፕላን አይሳፈሩም፤ ይህ የጠላቂ ሁሉ ደንብ ነው። እሳቸው ግን ኮኮናት ለማውረድም ዛፍ አይወጡም። የቢሮውን ደረጃ እንኳ ሲወጡ መሀል ላይ ቆመው ያርፋሉ፤ እኛም ከኋላ ተሰልፈን እንጠብቃለን።

የእጮኛዬ የሉርዴስ አባት ስለ ጥሎሹ ሊነጋገሩ ከዋና ከተማው ከማፑቶ የመጡ ዕለት ቁርጥ አድርገው ነገሩኝ፤ «ቀትር ላይ ካልተገኘህ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።» የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ የጀልባችን መልሕቅ አለት ሥር ተወሸቀ። እኔና ሴኞር ዜፋኒያስ ወረድን፤ ጥልቅ ነበር፣ ብዙም ቆየን። ወደ ላይ ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አማት «ቁሙ» አለች። ቀና ስል የጀልባዋ ሆድ ይታየኛል፣ በሐሳቤም ሉርዴስ ትታየኛለች። ተወረወርኩ። እግሬን ለቀም አድርገው ያዙኝ፤ ብንፈራገጥ ብንፈራገጥ፣ ጣታቸውን አወዛወዙብኝ እንጂ አልለቀቁኝም።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል።

«ቀትር አለፈ! እኔን ያስጠበቀ ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው?»

ሴኞር ዜፋኒያስ ቀደም አሉ።

«አባቴ፣ ከባሕሩ ውስጥ እግሩን ይዤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ሽባ ሆኖ በሰዓቱ ከሚደርስልዎ፣ ዘግይቶ በእግሩ ቢመጣ አይሻልም?»

«ምን ያደርገዋል ሽባ?»

አምላኬ፣ ፋንታውን አታቀብላቸው ብዬ ጸለይኩ። ከፈቱት። የሽማግሌው ነጭ ሸሚዝ እንዳልነበር ሆነ። ሉርዴስ ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌው ፊታቸውን ጠርገው እኔን አዩኝ፣ ሴኞር ዜፋኒያስን አዩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ አብረኸው ነው የምትጠልቀው?»

«ሁልጊዜ።»

«እግሩን እንዳትለቅ» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ዛሬ ሉርዴስ ሚስቴ ናት። ጠዋት ስወጣ እኔን ተጠንቀቅ አትለኝም። በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤታችን ትጣራለች፤ «ሴኞር ዜፋኒያስ፣ አማትዎ እንዴት አደሩ?»

«ደኅና ናት፤ እንደ ልማዷ ትቆጣለች።»

ይሄኔ ሉርዴስ ደስ ብሏት የምሳውን ድስት ትጥዳለች። ለእሳቸውም ጭምር።