እንየው ባቡር ያዞረ ዕለት

[ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። አቶ ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ የባቡር ነጂ ለእናታቸው ተዝካር መጥተው ነገ በጧት ለባቡሩ ሥራ አንድ ሰው መርጠው ይዘው ይመለሳሉ። እንየውና አበጀ አንዳንድ በሬ ያላቸው፣ በመቀናጆ የሚያርሱ ጎረቤታሞች ናቸው። ከሐዘንተኛው ቤት አጥር ውጪ ዋንዛ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።]

አበጀ፦ በግራ ነው ያልከው!

እንየው፦ በቀኝ ነው ያልኩት!

አበጀ፦ ኧረ በግራ! ትናንት በተዝካሩ ላይ ሰው ሁሉ ሰምቶሃል። «ላሟ ከፊቴ ድቅን ስትል ባቡሩን ወደ ግራ እጥፍ አደረግሁት» አላልክም?

እንየው፦ ላሟ በግራ፣ እኔ በቀኝ! አንተ ጠላውን ስትገለብጥ እኔንና ላሟን አደባለቅኸን።

አበጀ፦ እሺ፣ በቀኝ ይሁንልህ። አጥፈህ ወዴት ገባህ?

እንየው፦ ወዴት እገባለሁ፣ ማሳ ውስጥ ነዋ! ጤፍ ነበር፤ ትንሽ ተረገጠ። ዞሬ ተመለስኩ።

አበጀ፦ ባለ ጤፉ ዝም አለህ?

እንየው፦ ምን ይላል? ባቡር ነው እኮ!

አበጀ፦ የእኔ በሬ ሻሾ ያንተን ሽምብራ በአንድ እግሩ ቢረግጥ ሦስት ሽማግሌ አስቀመጥክብኝ።

እንየው፦ ሻሾ ባቡር ነው?

አበጀ፦ እሱስ አይደለም። [ያስባል] ግን አዲስ አበባ የሄድከው ለርስት ክርክር አልነበረም እንዴ? ባቡሩን መቼ ነዳኸው?

እንየው፦ ዳኛው ቀጠሮ ሦስት ወር ሰጠኝ። ሦስት ወር ሙሉ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ለገሃር አጥር ሥር ቆሜ አየሁት። አየሁት፣ ገባኝ። ከገባኝ በኋላማ መንዳት ምን አላት!

አበጀ፦ ከአጥሩ ውጪ ቆመህ ነው የነዳኸው?

እንየው፦ አንተ ሰው፣ ነገር ሲነግሩህ እንደ ጭቃ ሹም አትመርምር! አቶ ኃይለ ሚካኤል ራሳቸው ትናንት ስነግራቸው ምን ሆኑ? አላየሃቸውም?

አበጀ፦ ሳቁ።

እንየው፦ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ! ለእናቱ ተዝካር የመጣን ሰው በደስታ ያስለቀስኩ እኔ ነኝ። ባለሙያና ባለሙያ ሲገናኝ እንዲህ ነው። እና እልሃለሁ ወንድሜ፣ ዛሬ በከንቱ አትድከም። ይዘው የሚሄዱት አንድ ሰው ነው። መጀመሪያ እሳት ሊያነድ፣ እያደር ነጂ ሊሆን። ያ ሰው እኔ ነኝ። አንተ ቅር፤ ቡሬን ትቼልህ እሄዳለሁ፤ ከሻሾ ጋር ጥማድ በሬ ይኖርሃል።

አበጀ፦ አልቀርም።

እንየው፦ ምን?

አበጀ፦ አልቀርም እንየው! ከትናንት ወዲያ የባቡሩን ወሬ ካወሩ ጀምሮ ልቤ እምቢ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበሬ ጭራ እያየሁ ኖርኩ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊቴ ጭራ የሌለበት ነገር ላይ ልቀመጥ!

እንየው፦ እኔስ? እኔ ካልሄድኩ ገበያ መውጣት ቀረብኝ ማለት ነው! ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ «ባቡር ነጂው» ነው የምባለው። አመለወርቅ እንኳ፣ የገዛ ሚስቴ፣ ሲላት «ባቡሬ» ትለኛለች። አንተ ሄደህ እኔ ብቀር ምን ትለኛለች?

አበጀ፦ በስምህ ትጠራሃለቻ።

እንየው፦ አፍህን ያዝ!

አበጀ፦ እሺ አትቆጣ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በወሩ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለወልድ ይቆማል አይደል?

እንየው፦ ባቡሩ? ይቆማል እንጂ! በሚካኤል ማን ሥራ ይሠራል?

አበጀ፦ በረሃ መሀል ላይ ከሆነስ?

እንየው፦ እዚያው ውሎ፣ ዝክሩን ቀምሶ፣ በማግሥቱ ይነሣል።

አበጀ፦ ነጋዴው ታሂር ቢሳፈርስ? እሱ ሚካኤልን አያከብር።

እንየው፦ ለእሱ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ይቆምለታል።

አበጀ፦ ታሂር ዓርብ ቆሞ ያውቃል? እዚህ ገበያ ላይ ጨው ሲሸጥ አይደል የሚውለው! ታዲያ ይኼ ባቡር መቼ ይሄዳል?

እንየው፦ በተረፈው ቀን!

አበጀ፦ [ጭብጨባ] እሰይ! እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅ! በል እንየው፣ በሞቴ፣ አስጠናኝ። አንድ በአንድ እየጠሩ ሊጠይቁን ነው፤ እኔ ደግሞ አንድም አላውቅ።

እንየው፦ [ፊቱን አዙሮ፣ ለብቻው] ይኼ ሰውዬ ትናንት ያወራሁትን ሁሉ ሊደግምብኝ ነው! ቆይ፤ ግልብጡን አስጠናዋለሁ። እሱ ተገልብጦ ይወጣል፣ እኔ ቀጥ ብዬ እገባለሁ። [ወደ አበጀ ዞሮ፣ በፍቅር] ወንድሜ አበጀ! ላንተ ያልሆነ እውቀት ለማን ይሆናል? ቅረብ።

አበጀ፦ እግዜር ይስጥህ!

እንየው፦ አንደኛ። «ባቡሩን በምን ትመራዋለህ?» ሲሉህ «ባቡር መሪ የለውም፤ ሐዲዱ ወደ ወሰደው ይሄዳል» በል።

አበጀ፦ ኧረ ሰውዬ! አንተ ወደ ቀኝ…

እንየው፦ እሱ የድሮው ባቡር ነው! የአሁኑ መሪ የለውም።

አበጀ፦ ሞፈር አለ፣ ቀንበር አለ፣ እርፍ የለም በለኛ! ታዲያ ትልሙ አይጠምምበትም። እንዴት ደስ ይላል!

እንየው፦ [ለብቻው] «መሪ የለውም» ይላቸዋል! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! [ጮክ ብሎ] ሁለተኛ። «ከፊትህ ላም ብትቆምስ?» ሲሉህ «ገና ከሩቅ ሳያት ፊሽካውን አስጮኸዋለሁ፣ ማቆምም እጀምራለሁ። ባቡር እንደ በሬ ቁም ሲሉት አይቆምም፤ ብዙ መንገድ ይፈጃል» በል።

አበጀ፦ አንተ በአንድ ጣቴ አቆምኩት ብለህ…

እንየው፦ የእኔን ጣት ካንተ ጣት ጋር ታወዳድራለህ?

አበጀ፦ እውነትህን ነው። ቀጥል።

እንየው፦ ሦስተኛ። «መቼ ትነሣለህ?» ቢሉህ፣ «ደስ ሲለኝ» እንዳትል። «የጣቢያው ሰው ባንዲራ ሳያሳየኝ አልነቃነቅም» በል።

አበጀ፦ ነጂው ጌታ ሆኖ ሳለ ጨርቅ የያዘ ሰው ያዘዋል?

እንየው፦ በል ብዬሃለሁ፣ በል! [ለብቻው] ወንድ ልጅ ጨርቅ አይቶ ይነሣል! ኪኪኪ! [ጮክ ብሎ] አራተኛ፤ ይችን አጥብቀህ ያዛት። አንድ ደጃዝማች መንገድ ዳር ቆሞ «በንጉሥ አምላክ፣ ቁም!» ቢልህስ?

አበጀ፦ ይኼማ ማንም ያውቀዋል። እቆማለሁ እንጂ! በንጉሥ አምላክ ተብሎ እንኳን ባቡር፣ ወንዝስ ይሄዳል?

እንየው፦ «አልቆምም» በል።

አበጀ፦ [ብድግ ይላል] ምን በል?

እንየው፦ «ደጃዝማችም ይሁን ራስ፣ በንጉሥ አምላክም ይበለኝ፣ ከጣቢያ ውጪ አልቆምም።»

አበጀ፦ [ጆሮውን ይይዛል] አልልም! አንገቴን ለካራ! ባቡሩስ የጃንሆይ አይደለም? የጃንሆይ ባቡር በጃንሆይ አምላክ ካልቆመ ታዲያ በማን አምላክ ሊያቆሙት ነው?

እንየው፦ እንግዲያው ቅር። ቡሬን ውሰድ፣ እረስ።

አበጀ፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል] …«ከጣቢያ ውጪ አልቆምም።»

እንየው፦ ጎሽ!

አበጀ፦ እናቴ ብትሰማ ኖሮ ጡቷን ትረግመው ነበር። እንየው፣ ቢያስሩኝ ስንቅ ታመጣልኛለህ?

እንየው፦ በየቀኑ!

[ከቤቱ ውስጥ «አበጀ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።]

አበጀ፦ ወይኔ! መሪ የለውም፣ ላም ከሩቅ፣ ጨርቅ፣ ደጃዝማች። መሪ የለውም፣ ላም ከሩቅ፣ ጨርቅ፣ ደጃዝማች… [እየተርበተበተ ይገባል]

እንየው፦ [ብቻውን፣ እየተንጎራደደ] ሄደልህ! ምስኪን። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም እኮ፤ ባቡሩን ስለምወደው ነው። ከዚያ አጥር ሥር ስቆም ጩኸቱ እዚህ ደረቴ ላይ ነበር የሚያስተጋባ። [ጆሮውን ወደ አጥሩ ያስጠጋል] ጸጥ አሉ። «መሪ የለውም» ብሏል ማለት ነው፤ ደንግጠው ነው። [ሳቅ ይሰማል] አሁን ሳቁበት። [አሁንም ሳቅ] ኧረ በጣም ሳቁበት! አሁን ደጃዝማቹ ጋ ሲደርስ ገመድ ይጠራሉ። እኔ ስገባ እንግዲህ፣ «ጌታዬ፣ በንጉሥ አምላክ ከተባልኩ ባቡሩን አቁሜ፣ ወርጄ፣ እጅ ነሥቼ፣ ደጃዝማቹን ከነበቅሏቸው አስገባቸዋለሁ» እላለሁ። ከነበቅሏቸው! ይችን ማን ያስባታል?

[አበጀ ይወጣል። ጆሮውን የሸፈነ ትልቅ የባቡር ሠራተኛ ቆብ በራሱ ላይ ተደፍቷል። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞታል።]

እንየው፦ ውይ ወንድሜን! ምንድነው የጫኑብህ? ቅጣት ነው?

አበጀ፦ የራሳቸው ቆብ ነው። እስክንደርስ ልመደው አሉኝ።

እንየው፦ ወዴት እስክትደርሱ?

አበጀ፦ እኔ እንጃ፤ ባቡሩ ጋ ነዋ! ነገ ጎህ ሲቀድ በበቅሎ እንነሣለን። እንየው፣ ተቀበሉኝ! [ይዘላል፤ ቆቡ አፍንጫው ላይ ይወርዳል] ተቀበሉኝ እኮ!

እንየው፦ ቆይ፣ ቆይ። ምን ብለህ መለስክ? ተሳሳትክ አይደል?

አበጀ፦ አንዲት ቃል አልለወጥኩም! መሪ የለውም አልኳቸው። «እውነት ብለሃል» አሉ። ላሟን ከሩቅ አልኳቸው። «እሰይ» አሉ። ባለ ጨርቁን ስነግራቸው «ይኼን እኔ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል የተማርኩት» አሉ።

እንየው፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ደጃዝማቹስ?

አበጀ፦ እሱ ላይ ምላሴ ታሰረ። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ከጣቢያ ውጪ አልቆምም፤ ግን ጣቢያ ስደርስ ወርጄ እጄን ለዳኛ እሰጣለሁ» አልኳቸው። ተነሥተው ሳሙኝ! «መንገድ ላይ ለለመነው ሁሉ የሚቆም ባቡር ከኋላው በሚመጣው ይደፈጠጣል» አሉ።

እንየው፦ [ዋንዛውን ይደገፋል] መሪ… የለውም?

አበጀ፦ አንተው አይደለህ የነገርከኝ?

እንየው፦ ምንም? ትንሽም?

አበጀ፦ እኔም ያኔ አንተን አነሣሁልህ። «ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ «እንየው» አልኳቸው። አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «ያ ጤፍ ውስጥ የገባው?» አሉ። አዎ፣ እሱ ራሱ አልኳቸው። «ይኼ ሰው እውነት ሲያወራ ይዋሻል፣ ሲዋሽ እውነት ያወራል» አሉ። አልገባኝም፤ ግን ሙገሳ መሰለኝ።

እንየው፦ ታዲያ እኔን ይውሰዱኝ እንጂ! መምህሩ እኔ፣ ተማሪው አንተ! መቼም ተማሪ ሄዶ መምህር አይቀር!

አበጀ፦ ለመንኳቸው እኮ! እግራቸው ላይ ወድቄ፣ «እሱ ይሂድ፣ እኔ ልቅር፤ እሱ ባቡሩን ማሳ ውስጥ አስገብቶ በሰላም ያወጣ ሰው ነው» አልኳቸው።

እንየው፦ እና?

አበጀ፦ «እግዜር እንየውን ባቡር በሌለበት አገር የፈጠረው ለባቡሩ አዝኖ ነው» አሉ።

እንየው፦ [መሬት ላይ ቁጭ] ተዋረድኩ፣ አበጀ። በገዛ አፌ ተዋረድኩ። አሁን ቤቴ በምን ፊቴ እገባለሁ? አመለወርቅ ስንቄን ቋጥራ፣ በር ላይ ቆማ፣ ጎረቤት ሰብስባ እየጠበቀችኝ ነው።

አበጀ፦ [አጠገቡ ቁጭ ይላል] አይዞህ ወንድሜ። ሻሾን ትቼልሃለሁ፤ ጥማድ በሬ አለህ። በሶውን ደግሞ ለእኔ ስጠኝ፣ አይባክን።

እንየው፦ [ድንገት ይነሣል፤ ኩታውን ያራግፋል] ሂድ! ማን ቸገረው! እኔ እስከዚያ ድረስ ወርጄ ባቡር አልለምንም። አንድ ቀን ሐዲዱ ራሱ በእስቴ ወጥቶ፣ በስማዳ ዞሮ፣ ጋይንት ደጄ ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ ማን እንደሚነዳው እናያለን!

አበጀ፦ እሱንም ብያቸዋለሁ። «ባቡሩ እኛ አገር ሲገባ እንየው ይነዳዋል» አልኳቸው።

እንየው፦ [ዓይኑ ይበራል] ምን አሉ?

አበጀ፦ ትንሽ አሰቡና… «እንግዲያው አናመጣውም» አሉ።