የንጹሕ ጤፍ ማኅበርተኞች

የአንድ ቤት ታላቅነት የሚለካው በጓዳው ሙላት ሳይሆን ስለ ጓዳው በሚወጣው መመሪያ መሆኑን፣ ከፈረንጅ አገሯ የሜፕልዉድ ከተማ ነዋሪዎች ሁሉ አቶ አክሊሉን ያህል የተረዳ አልነበረም። ቀን ቀን ኢገን ከተማ ውስጥ የአንድ ኩባንያ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ፤ ማታ ማታ ቤታቸውን ያስተዳድራሉ። ሁለተኛው ሥራ ደመወዝ የለውም፤ ስብሰባ ግን አለው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 ነዳጅ ሰማይ ሲነካ የጤፍ ዱቄትም ተከትሎት ወጣ። አቶ አክሊሉ ሴንት ፖል ከተማ ካለው የባድሩ ሱቅ ገብተው ከረጢቱን ትከሻቸው ላይ ካደረጉ በኋላ ዋጋውን ጠየቁ።

“ይኼ የነገርከኝ የከረጢቱ ነው የሱቁ?”

“ጋሼ አክሊሉ፣ እኔስ በስንት እንዳመጣሁት ልንገርዎት?”

“አትንገረኝ። ደንበኛህ ነኝ እንጂ ነፍስ አባትህ አይደለሁም።”

ከረጢቱን እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው መለሱት። ከዚያም ወደ አንድ ትልቅ የፈረንጅ መደብር ነድተው፣ እርሾው አብሮት የተቀላቀለውን ሰልፍ ራይዚንግ የተባለውን የስንዴ ዱቄት ጋሪ ሙሉ ገዙ።

በዚያው ምሽት ቤተሰቡ ሳሎን ተጠርቶ፣ የዓለም ገበያ ያሳደረውን ጫና በተቀናጀ መልኩ ለመቋቋም የሚያስችል መመሪያ ወጣ። ከእንግዲህ ዶሮ የሚገዛው እግር እግሩ ብቻ ይሆናል። ብርቱካን ለታመመ ይፈቀዳል። ሊጡን በተመለከተ ሥራውን ስንዴ ይሠራል፤ ጤፍ በአማካሪነት ይሳተፋል።

“ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ኢምባራሲንግ” አለች ልጃቸው ቲጂ። ‘ያሳፍራል’ የሚለው ገንቢ አስተያየቷ በምስጋና ታለፈ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ስመኝ ግን ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራቸው ገና መግባታቸው ነበርና ትዕግሥታቸው አልቋል። “አንተ ሰው፣ በዚህ ወር እኮ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው! ለማኅበርተኛ ስንዴ ላቅርብ?”

“ማን ያውቃል?”

“ቢጠይቁኝስ?”

“ንጹሕ ጤፍ ነው ትያለሻ። ባለፈው ወር እነ ኤዶሳ ምን አሉን?”

“ንጹሕ ጤፍ ነው አሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።”

“እና እኛ ከኤዶሳ ልናንስ ነው?”

ይህን የመሰለ ማስረጃ ይግባኝ የለውም። ደግሞም በማኅበሩ ዕለት ሙሴው፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ ይመረጣል፤ አቶ አክሊሉ ወንበሩን ሲመኙ ዓመታት አልፈዋል። ስንዴ አበላ የተባለ ሰው ደግሞ ሙሴ አይሆንም። ወይዘሮ ስመኝ እየተነጫነጩ አቦኩ።

እሑድ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ጸሎት ደረሰ፤ እንጀራው ቀረበ። አቶ አክሊሉ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆሙ። “ወንድሞችና እህቶች! ኑሮ እንዲህ በከፋበት ዘመን እንኳ በዚህ ቤት ከጤፍ ጋር የሚቦካ ቢኖር ውሃ ብቻ ነው!”

“ያስታውቃል!” አለ ኤዶሳ። “ዓይኑን እዩልኝማ!”

“ያስታውቃል!” አሉ ሁሉም።

ጋሼ ሐብተማርያም ብቻ የተባረከው የማኅበሩ ዳቦ ሲደርሳቸው ወደ ጎን አሳለፉት። ጡረታ የወጡ ባለታክሲ ናቸው። አቶ አክሊሉ በጥር ብርድ በስስ ሹራብ ከአውሮፕላን ሲወርዱ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ያለበሷቸው እኚሁ ሰው ነበሩ።

“ለሌላ ስጡልኝ፤ ዶክተሩ ስንዴ በአፍህ እንዳይዞር ብሎኛል” አሉ። “ከፋሲካ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። ቤቴ ስውል ደህና ነኝ። ማኅበር ጠጥቼ በተመለስኩ ቁጥር ግን አልጋ ላይ ነኝ። ‘ምን በልተህ ነው?’ ቢለኝ፣ ወንድሞቼ ቤት ንጹሕ ጤፍ ብዬ ማልኩለት። እንዲያ ከሆነማ ሌላ በሽታ አለብህ ብሎ፣ ሐሙስ ሆዴ ውስጥ ካሜራ ሊያስገባብኝ ነው። ኦፕሬሽንም ሳይኖር አይቀርም።”

ይህን ብለው ደህና አድርገው ጠቀለሉ።

ማኅበርተኛው ሁሉ ሳህኑን ያጠና ጀመር። አቶ አክሊሉ ጉርሻውን አዩት፤ የሙሴውን ወንበር አዩት፤ ካፖርቱም ትዝ አላቸው። አፈሩ፤ ከልባቸው አፈሩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና “ወጥ ይጨመርልዎት?” አሉ።

ወይዘሮ ስመኝ ዘለው የሽማግሌውን እጅ ያዙ። “ጋሼ፣ አይብሉ! ስንዴ ነው!”

ጋሼ ሐብተማርያም ጉርሻውን መለሱት። “ኤዶሳ፣ ያንተ ቤትስ?”

“እኔ እንጃ ጋሼ፤ የምታቦካው ባለቤቴ ናት።”

“አንተስ ባይሳ፣ ያንተ እንጀራ?”

“ትንሽ ስንዴ... ለመልክ ያህል...”

“ልጆቼ” አሉ ሽማግሌው፣ “ሩዝ ብትሰጡኝም እኮ እበላ ነበር።”

ማኅበሩ ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። በረጅም ውይይትም፣ በዚህ ቤት ለታየው አርአያነት ያለው ግልጽነት ምስጋና ቀርቦ፣ አቶ አክሊሉ በሙሉ ድምፅ ሙሴ ሆነው ተመረጡ። ግልጽ የነበሩት ወይዘሮ ስመኝ በወቅቱ ዕቃ እያጠቡ ነበር። አዲሱ ሙሴም ችግሩ ዳግም እንዳይከሰት ዘላቂ መፍትሔ አስወሰኑ።

በቀጣዩ ወር ተረኛው ባይሳ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆመ። “ንጹሕ ጤፍ ነው!” አለ።

“ያስታውቃል!” አሉ ማኅበርተኞቹ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የሙሴው ድምፅ ነበር።

ጋሼ ሐብተማርያም በውሳኔው መሠረት ከቤታቸው ያመጡትን ሳህን ከፌስታል አውጥተው ከፈቱ።

“ሩዝ ነው” አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።