እትዬ ስምንት እና የባሕር ማራገቢያዎቿ

በየቤተሰቡ አንድ አራሚ አይጠፋም። ሰው ጨዋታ ሲጀምር ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ "እሱ እንኳን እንደዚያ አይደለም" ሳይል እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት። የሌላው ቤት አራሚ የኳስ ውጤት ያርማል፣ የመንገድ አቅጣጫ ያርማል። የኛዋ፣ ክብርት አክስቴ፣ የምታርመው በለስላሳ ኮራል ጉዳይ ነው።

አክስቴ የተፈጥሮ ሙዚየም ውስጥ የባሕር እንስሳት ክፍል ኃላፊ ናት። ቤተሰቡ "እትዬ ስምንት" ይላታል፤ ወሬዋ ከየትም ይነሣ ከየት ስምንት ላይ ማረፉ አይቀርማ። እንደ እሷ አነጋገር ለስላሳ ኮራል ሰፈር ነው፤ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት። እያንዳንዷ እንስሳ በአፏ ዙሪያ ስምንት ክንድ አላት፤ ክንዶቹም እንደ ላባ ዳርና ዳራቸው የተዘረዘረ ነው። ስድስት ከሆነ ሌላ ዘር ነው። "እስቲ ቁጠረው" ትልሃለች፤ ቆጥረህ እስክትጨርስም ከአጠገብህ ንቅንቅ አትልም።

ወንድሜ ያገባ ዕለት ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ለጌጥ የቆመ ሐምራዊ የባሕር ማራገቢያ ነበር፤ ያ እንደ መረብ የተጠላለፈ፣ ጠፍጣፋ፣ የደረቀ ዛፍ የሚመስለው የለስላሳ ኮራል ዓይነት። የሙሽራዋ እናት "እንዴት ያለ ቆንጆ ቅርንጫፍ ነው" አሉ። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር የአክስቴን እጅ ለቀም አደረገች። የያዘችው ግን እጇን እንጂ አፏን አልነበረም።

"ይቅርታ እትዬ፣ ቅርንጫፍ አይደለም። እንስሳ ነው። እንዲያውም ብዙ ሺህ እንስሳ። እንዲህ ተዘርግቶ የሚቆመው ውሃው ምግብ ይዞለት እንዲያልፍ ነው።"

"ታዲያ ሞቷል?" አሉ ሴትዮዋ ማንኪያቸውን አስቀምጠው።

"ኧረ ከሞተ ቆይቷል" አለች አክስቴ፣ ልታጽናናቸው አስባ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ ምግብ አልነኩም።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳም፣ ተራዋን አሳልፋ፣ የዓሣ ገንዳው ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ኮራል አንድ ክንድ እንደሚጎድለው ለጽዳት ሠራተኛዋ ስታስረዳ ተገኝታለች።

ባለፈው ወር ግን ራሷ ታረመች። ሙዚየሙ አንዲት ወጣት የዘረመል ተመራማሪ ቀጥሮ ነበር። ልጅቷ በአክስቴ መሳቢያዎች ውስጥ ካሉት ማራገቢያዎች ቁራጭ ቁራጭ ወስዳ መረመረች። ውጤቱን ይዛ የመጣች ቀን እኔም መሳቢያ ለማንሣት ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ።

"እነዚህ አንድ ቤተሰብ አይደሉም" አለች ተመራማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የማራገቢያ ቅርፅ በተለያየ ዘር ላይ ለየብቻ የመጣ ነው። ይኼኛው አጠገቡ ካለው ማራገቢያ ይልቅ፣ እዚያ ማዶ ላለው እንጉዳይ ለሚመስለው ለስላሳ ኮራል ይቀርባል።"

መሳቢያዎቹ ያሉበትን ቁም ሣጥን አክስቴ ከወጣትነቷ ጀምራ በመልክ በመልኩ ያደራጀችው ነው። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ትንፋሼን ዋጥኩ። በማረም ፈንታ ከእነዚያ ሁለት ማራገቢያዎች ጥፍር ጥፍር የሚያህል ቆርሳ በረኪና ጨመረችባቸው። ሥጋው ሟሟና በውስጡ ተበትኖ የነበረው የኖራ ቅንጣት ብቻ ቀረ። ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ካቀረቀረች በኋላ ለእኔ ቦታ ለቀቀችልኝ። የአንዱ ቅንጣት እንደ እንዝርት ሁለት ጫፉ የሾለ ነው፤ የሌላው እሾህ ያበቀለ ዱላ ይመስላል።

"ይኼን ልዩነት ድሮም አይቼዋለሁ" አለች። "መልካቸውን አምኜ ነው ያለፍኩት።"

"ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር" አለች ተመራማሪዋ።

"ለምን ብዬ? ዘመድ ያልኳቸው ባዳ ሆኑ፣ ባዳ ያልኳቸው ዘመድ። ሁሉንም እንደ አዲስ ላያቸው ነው እኮ።" ፊቷ በርቷል።

መሳቢያዎቹን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። ተመራማሪዋ እየነገረችን ማራገቢያዎቹን ከየአዲሱ ዘመዳቸው ጋር አስጠጋናቸው። በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል ቢጫ ለስላሳ ኮራል ብቻዋን ቀረች፤ ገና አልተመረመረችም። አክስቴ አገላብጣ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

"ይቺስ የማን ወገን ትመስልሃለች?"

ዕድሜዬን ሙሉ ስታርመኝ ኖራለች፤ ጠይቃኝ ግን አታውቅም።

"እኔ ምኑን አውቄው፣ አክስቴ?"

"እኔም አላውቅም" አለችና ሳቀች።

ሚስቴ ደጅ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነበር። ደወልኩላትና "አንቺም ነይ ግቢ፣ የምታዪው ነገር አለ" አልኳት። ከዚያ ኮቴን አውልቄ ከአክስቴ አጠገብ ወንበር ሳብኩ።